በሚስ ዮዲት እጅ የቆየው ፖስታ

ሚስ ዮዲት ማረፋቸውን ያወቅሁት አምስት ኪሎ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ ነው። ከፊቴ የቆመው ወጣት በሚያባዛው ወረቀት ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አየሁና እኚህን ሴት አውቃቸዋለሁ አልኩ፤ ማን እንደሆኑ ግን ወዲያው አልመጣልኝም። ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል። ቀጭኑ አንገታቸውና ወደ ቀኝ ዘንበል የሚለው ጭንቅላታቸው ግን ያው ነው። ወጣቱ የወንድማቸው የልጅ ልጅ ኖሯል። ቀብሩ በማግስቱ መሆኑን ነግሮኝ የሕይወት ታሪካቸውን አንድ ቅጂ ሰጠኝ።

ደጅ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አነበብኩት። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ ጂኦግራፊ ስንት ዓመት እንዳስተማሩ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን በምን በምን እንዳገለገሉ በደንብ ተጽፏል። ስለ ቅዳሜዎቹ ግን አንድም ቃል የለም። ሊኖርም አይችልም። ስለ እነዚያ ቅዳሜዎች የሚመሰክር ወረቀት አልተረፈም፤ እኔ የተየብኳቸውን ሁለታችን ሆነን አቃጥለናቸዋል።

በደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ እዚያው አምስት ኪሎ አጠገብ በነበረ አንድ ትምህርት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ሚስ ዮዲት ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። አላገቡም። ክርኑ ላይ የተጣፈ ግራጫ ሹራብ ይለብሳሉ፤ ሲራመዱ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ሰው የተኛ ይመስል ኮቴያቸው አይሰማም ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ተማሪዎቹ ለመስማት ብለው ዝም ይላሉ። በየሰኞው አንዲት ቴምብር ይዘው ይገቡና ከፊት ወንበር ጀምራ ከእጅ ወደ እጅ እንድትዞር ያደርጓታል፤ ከዚያ ይህች ወረቀት ከየት ተነሥታ በየት በኩል እዚህ እንደደረሰች ይጠይቃሉ። ቴምብሯ ስድሳ ልጅ ነክቷት ትመለሳለች። አይሰርቁብዎትም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አንዱ ቢሰርቅ ሃምሳ ዘጠኙ ይነግሩኛል አሉኝ።

አንድ ቀን ሦስት መስመር ብቻ ያለበት ጽሑፍ እንድተይብላቸው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ሻጩ እገሌ፣ ገዢው እገሌ፣ ክፍያው እስኪያልቅ ዕቃው በእኔ ዘንድ ይቀመጣል፣ ሦስት ወር ካልተከፈለ ለሻጩ ይመለሳል ይላል። ከታች ሦስት የፊርማ ቦታ አለው። ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም ወንበር ስበው ተቀምጠው አስረዱኝ።

የቴምብር ሰብሳቢዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን ያደርጉ ነበር። ለማየት ብቻ የሚመጣ ነበር፤ ሊሸጥና ሊገዛ የሚመጣም ነበር። የዋጋ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የየራሱ ዘዴ አለው። ገንዘብ ያለው ጠረጴዛው ላይ ቆጥሮ ይወስዳል። የሌለው አልበሙን ይዞ መጥቶ ሦስት ሰጥቶ አንድ ይቀበላል። ዕቁብ እስኪወጣለት የሚጠብቅም አለ። አንድ የባንክ ሠራተኛና አንድ ሐኪም አንዲት ውድ ቴምብር በጋራ ገዝተው ስድስት ወር እዚህ ቤት፣ ስድስት ወር እዚያ ቤት ያኖሯት ነበር፤ በምትዛወርበት ቀን ምሳ ይጋበዛሉ። ጠብ የሚያመጣው በየወሩ ልክፈል የሚለው ነው። ሻጩ ገንዘቡ ሳይሞላ አልሰጥም ይላል፤ ገዢው ዕቃውን ሳልይዝ ለምኑ እከፍላለሁ ይላል።

በአንዱ ኤግዚቢሽን ላይ ሁለት የድሮ ጓደኛሞች በዚሁ ነገር ተያይዘው ሊደባደቡ ሲሉ፣ ከዚያ በፊት በስብሰባ ተናግረው የማያውቁት ሚስ ዮዲት ከኋላ ተነሥተው መጡና ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘርግተው “ለእኔ ስጡኝ” አሉ። ሰዎቹ ሰጧቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ የሚከፈልበት ዕቃ ሁሉ እሳቸው ዘንድ መቀመጥ ጀመረ።

ቤታቸው ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ የእንጨት በረንዳ ያላት ሁለት ክፍል ነበረች። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ገዢ የሆነ ሁሉ መጥቶ ገና የራሱ ያልሆነውን ዕቃ ማየት ይችላል። ሲገባ እጁን ይታጠባል። መስኮቱ ሥር ነጭ ጨርቅ የለበሰች ጠረጴዛ አለች። ሚስ ዮዲት ቴምብሯን በወረንጦ ይዘው ጨርቁ ላይ ያኖሩለታል፣ አጉሊ መነጽሩን አጠገቡ ያስቀምጡና ትተውት ይሄዳሉ። ሌሎቹ በረንዳው ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቶሎ በል የሚል የለም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት የተየብኩትን ወረቀት ለማድረስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለ ምክንያት መሄድ ጀመርኩ።

እነዚያን ቅዳሜዎች አሁን ሳስባቸው የሆኑ ሳይሆን ያለምኳቸው ይመስለኛል። ክረምት ሲሆን መስኮቱ በጉም ይሸፈንና ክፍሏ ውሃ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ከቀበሌው የድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው የአብዮት መዝሙር ቁልቁለቱን ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ ቅጥነቱ ከሌላ ከተማ የመጣ ያስመስለዋል። የባንኩ ሠራተኛ ሰማያዊ ባሕር ላይ መርከብ ያለባትን ቴምብር ሲያይ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ አዛውንት ሁልጊዜ ጥቂት እንዳዩ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ሚስ ዮዲት አይቀሰቅሷቸውም፣ ቴምብሯን ብቻ ትንፋሻቸው ከሚደርስበት ቀስ አድርገው ያርቋታል።

ሰው ያልገዛውን ዕቃ እያየ እንዴት ይረካል ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ከገዛው በኋላ እኮ አያየውም፣ ጽጌ” አሉኝ።

ጎረቤቱ ግን ይጠረጥር ነበር። ሚስ ዮዲት ጴንጤ መሆናቸው ይታወቃል፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም በዚያን ጊዜ ተዘግቷል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ተሰብስቦ ድምፅ ሲጠፋ፣ ይጸልያሉ የሚል ወሬ ነበር። እሳቸው ወሬውን ሲሰሙ አላስተባበሉም፤ ብቻ በረንዳው ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ጮክ ብለው እንዲጫወቱ ነገሯቸው።

ከሚመጡት ሁሉ የተለየው ግርማ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ካርታ የሚነድፍ፣ ጣቱ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር ቀለም የማይጠፋ ልጅ ነው። የሚኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ቅመም ከሚሸጡት እናቱ ከእማማ ዘነበች ጋር ነው። እሱ የሚከፍለው ለአንድ ፖስታ ነበር፤ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ከሐረር የተላከ፣ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የተለጠፉበት አሮጌ ፖስታ። ሻጩ አቶ ደግፌ ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። ዋጋው ዘጠኝ መቶ ብር ነበር፤ ያም በቅናሽ ነው፣ ምክንያቱም ቴምብሩ ጥግ ላይ የአንድ ሰው የአውራ ጣት አሻራ በቀለም ታትሞበታል። ለሌላው ሰብሳቢ ይህ እድፍ ነው። ግርማ ግን ያለ አሻራው አልፈልገውም ይል ነበር። መሥሪያ ቤት አንድ ጣት ካርታው ላይ ካረፈ ሉሁ ይጣላል፣ የቀን ሥራ ይጠፋል ብሎ ነገረን። አሻራውን ያሳረፈው የፖስታ ሠራተኛ ግን ጥፋቱን ሳይደብቅ ልኮታል፣ ደብዳቤውም ደርሷል። ይህን ሲናገር ልክ ሰውየውን የሚያውቀው ይመስል ፈገግ ይላል።

በወር ስድሳ ብር ለዘጠኝ ወር ከፈለ። በአሥረኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ሁለት ሰዎች ቢሮው መጥተው ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። ወዴት እንደተወሰደ ለማወቅ እናቱ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሲዞሩ ከረሙ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስ ዮዲት ፖስታውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወንበሩ ባዶ ነው። በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች አዩት፤ ማንም ተራዬ ነው አላለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ፖስታውን አንሥተው ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ሰጡ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉትም ቅዳሜዎች።

ግርማ በታሰረ በአራተኛው ወር አቶ ደግፌ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወርቅ ቤቱ በዚያን ጊዜ ባዶ ሊሆን ደርሷል፣ አምስት ልጆች ያሳድጋሉ። ውላችን ሦስት ወር ካልተከፈለ ዕቃው ይመለሳል ይላል፣ የከፈለውን ለእናቱ እሰጣለሁ አሉ። ሚስ ዮዲት ሻይ ቀድተው አቀረቡላቸውና ትንሽ እንዲታገሡ ለመኗቸው። አቶ ደግፌ ብርጭቆውን ሳይነኩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የሌለን ሰው እንዴት ልጠብቅ፣ ሚስ ዮዲት?” አሉ።

“የለም አይባልም። አልመጣም ነው የሚባለው” አሉ እሳቸው። “ቀሪው ይደርስዎታል።”

ቀሪው ሦስት መቶ ስድሳ ብር ነው። የአስተማሪ ደሞዝ ከቤት ኪራይና ከቀለብ አልፎ እዚያ እንደማይደርስ አውቃለሁና ከየት እንደሚያመጡት ገርሞኝ ነበር። በሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ላይ አየሁ። ሚስ ዮዲት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ሃያ ምናምን ዓመት ያጠራቀሙት አልበም ተዘርግቷል። የቅዳሜ ሰዎች እየመጡ ያዩና ይደነግጡ ነበር። ለምን እንደሚሸጡ ሲጠየቁ ዓይኔ ደከመ አሉ። ለታሰረ ሰው ገንዘብ ማዋጣት ራሱ የሚያሳስር ነገር ስለነበር እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቴምብሮቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ሄዱ። ማታ ባዶውን አልበም በብብታቸው ይዘው ሽቅብ ስንወጣ አንድ ጊዜ ቆም ብለው፣ ሰኞ ክፍል ይዣት የምገባው አንዲት አስቀርቻለሁ አሉኝ።

ገንዘቡን ለአቶ ደግፌ ሲያስረክቡ ደረሰኙ “ከአቶ ግርማ ተቀብያለሁ” ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቁ። በዚያ ዘመን የእስረኛ ስም ያለበት ወረቀት ላይ መፈረም ቀላል አልነበረም። አቶ ደግፌ ብዕሩን ይዘው ብዙ ከቆዩ በኋላ ፈረሙ።

ፖስታውን ለግርማ እናት ለምን አንሰጣቸውም ብዬ ነበር። የእሱ ነው፣ ራሱ ይወስደዋል አሉኝ። ለእማማ ዘነበች በሌላ መንገድ ይደርሱላቸዋል፤ በየወሩ ድልድዩ ጋ ወርደው አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት በዓመት የማትጨርሰውን በርበሬ ይገዛሉ። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ በዚያ ዘመን የበርበሬ ችግር አልነበረበትም።

ከዚያ አሰሳው መጣ። በማግስቱ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ቤት ለቤት ፍተሻ እንደሚደረግ ተነገረ። ከሥራ ቀጥታ ወደ ሚስ ዮዲት ቤት ሄድኩ፤ እሳቸውም እንደምመጣ ያወቁ ይመስል የከሰሉን ማንደጃ በረንዳው ላይ አቀጣጥለው ጠበቁኝ። የተየብኳቸው ወረቀቶች ሰባት ነበሩ። የሰው ስም አለባቸው፣ በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ አለባቸው፣ ፊርማ አለባቸው። ለሚፈትሽ ሰው የድብቅ ድርጅት አባላትና መዋጮ እንጂ ሌላ ምን ይመስላሉ? ሚስ ዮዲት እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ያነቡና እሳቱ ላይ ያደርጉታል። የአቶ ደግፌ ደረሰኝ የመጨረሻው ነበር። የሰው ዕቃ ያለ ማስረጃ መቅረቱ አስፈርቶኝ፣ ሰዎቹ ቢክዱስ አልኳቸው። እስከ ዛሬስ ያመኑኝ በወረቀቱ ነው እንዴ ብለው መልሰው ጠየቁኝ። እኔም ወደ ቤቴ ገብቼ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

የፍተሻውን ነገር የነገሩኝ ኋላ ነው። ጠመንጃ የያዙ ሦስት ወጣቶች መጡ፤ አንዱ የቀድሞ ተማሪያቸው ነበር። ፍራሹን ገለበጡ፣ መጻሕፍቱን አራገፉ። ተማሪው አትላሱን ሲከፍት የግርማን ፖስታ አገኘው። በቴምብሩ ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሥ አለ፤ ይህ ብቻ ሰውን ያስጠይቅ ነበር። የማን እንደሆነ ጠየቃቸው። የአንድ ልጅ ነው፣ እስኪመጣ አስቀምጬለት ነው አሉት። ወጣቱ ፖስታውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንዳስተማሩት ጠርዙን በሁለት ጣቱ ጫፍ ብቻ ይዞ፣ እዚያው ገጽ ላይ መለሰና አትላሱን ዘጋው። ምንም የለም ብሎ ለጓደኞቹ ተናገረ።

ከፍተሻው በኋላ ሚስ ዮዲት ለእያንዳንዱ ገዢ ምን ያህል እንደቀረው በቃላቸው ነገሩት። የተከራከረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሐኪሙ። እሱም የቀረብኝ ከዚህ ይበልጣል ብሎ ነው።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። ኤግዚቢሽኑ አንዳንዴ ይደረጋል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ከቅዳሜ ሰዎች ሁለቱ ሞቱ፤ አንዱ አገር ለቀቀ። ግርማ በሰባተኛው ዓመት ተፈታ።

የመጣው ቅዳሜ ነው። በረንዳው ላይ ሲቆም አላወቅሁትም፤ ኮቱ ከትከሻው ይሰፋል፣ ጣቶቹ ላይ ቀለም የለም። ሚስ ዮዲት ወጥተው አቀፉት፣ ከዚያ እንደ ድሮው እጁን አስታጠቡትና አስቀመጡት። ፖስታውን ሲያኖሩለት አጉሊ መነጽሩን አላነሣም። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ መክፈል ስላቋረጥኩ ይቅርታ አድርጉልኝ አለ። “ስንት ቀረብኝ?”

“የስድስት ወር” አሉ ሚስ ዮዲት።

እኔ ከመደንገጤ የተነሣ የያዝኩትን የውሃ ማንቆርቆሪያ ልለቀው ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ተቆጣኋቸው፤ አልበምዎን ሸጠው የከፈሉለትን እንዴት እንደገና ያስከፍሉታል አልኳቸው። ረጋ ብለው መለሱልኝ። ሲጠይቀኝ ፊቱን አላየሽውም፤ ምንም አልቀረብህም ብዬው ቢሆን ኖሮ ፖስታውን ይዞ ይሄድና ቤቱን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ስድስት ወር የሚመጣበት ነገር ይኑረው አሉ። ግን ሥራ የለውም፣ ከየት ያመጣል ስላቸው፣ እሱንም አስበውት ኖሯል። በማግስቱ ስድስት ባለ አሥር ብር ኖት ሰጥተው ወደ እማማ ዘነበች ላኩኝ። እናቱ የራሳቸው አስመስለው እንዲሰጡት፣ እሱ ሲከፍለን ደግሞ እኔ መልሼ እንዳደርስላቸው ነው።

እማማ ዘነበች ነገሩን ሁለት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ ከበርበሬው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። “ታዲያ ይቺ ብር ሥራ አገኘች በይኛ፣ ከልጄ ቀድማ” አሉ።

እንዲህ ሆኖ ስድሳ ብሯ መዞር ጀመረች። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ግርማ ይከፍላል፤ ሰኞ ከሥራ ስወጣ ድልድዩ ጋ ወርጄ ለእናቱ አስረክባለሁ። ግርማ ግን የሚመጣው በየሳምንቱ ነው። በሁለተኛው ወር አጉሊ መነጽሩን አነሣ። በሦስተኛው ስለ ቀለሙ ማውራት ጀመረ፤ ድሮ ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ ሲያስረዳ ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር። በአምስተኛው ወር አንድ የእጅ ጥበብ ማኅበር ሰሌዳ የመጻፍ ሥራ ሰጠው። ሚስ ዮዲት ያን ቀን ጣቱን አይተው ሳሙና ጨመሩለት።

በመጨረሻው ቅዳሜ ስድስቱን ኖት ከጨርቁ ጎን ደረደራቸው። ሚስ ዮዲት ፖስታውን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡት፤ እጃቸውን ቶሎ አላነሡም። ግርማ ተቀብሎ እንደመቆም ካለ በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ።

“ሚስ ዮዲት፣ እኔ ሰብሳቢ ነኝ እኮ” አለ። “ኖቱ ላይ ያለውን ቁጥር አላነብም ብለው ነው? በየወሩ ያው ስድስት ኖት ነው የሚመለስልኝ።”

እኔ ወለሉን አየሁ። እሳቸው ሹራባቸውን እያስተካከሉ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀ ጠየቁት። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ነው አለ።

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“ዝም ባልል ቅዳሜ የት እሄድ ነበር?”

ሚስ ዮዲት ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ግርማ ፖስታውን ኮቱ ውስጥ ይዞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከበረንዳው ላይ አየነው። እስኪታጠፍ ድረስ ሁለታችንም አልገባንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ግርማ ነው፤ እናቱን ይዞ መጥቷል፣ ፖስታውንም። እማማ ዘነበች ስድስት ወር ሙሉ ገንዘብ ሲያቀባብሉ የኖሩለትን ነገር አይተውት አያውቁም ነበር። እጃቸውን አስታጠብናቸው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ግርማ ራሱ በወረንጦ አውጥቶ ጨርቁ ላይ አኖረላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። ገለበጡት። ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቁ፤ ባዶ ነው ተባሉ። ልጃቸውን አዩት፣ ሚስ ዮዲትን አዩ።

የዚያን ጊዜ ሚስ ዮዲት ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ሳይነኳቸው ያቆዩዋቸውን ስድስት ኖቶች አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ግርማ የእርስዎ ነው አለ። እሳቸው የእኔ አይደለም፣ የአንተ ነው አሉ። እሱ አልወስድም፣ እሳቸውም አልወስድም ሆነ። እማማ ዘነበች ሁለቱን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ብሩን አነሡትና የነጠላቸው ጫፍ ላይ ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት።

“ስትመላለስ ከርማለች፤ ደክሟታል” አሉ። “አሁን ትረፍ።”

ሚስ ዮዲት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከተዋወቅን ጀምሮ ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።